የእንግዳ ሸመታ በጣና ዳርቻ

በጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ከጎንደር ከተማ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ጎርጎራ በታሪክ መጻሕፍት ስሟ በተነሣ ቊጥር አስቀድሞ የሚወሳው ወይ የደብረ ሲና ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ወይ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ኢየሱሳውያን የተባሉት የካቶሊክ ካህናት ያነጹት ግንብ ነው፣ ወይም ስለ ሃይማኖት የተነሣውና ብዙ ደም ያፈሰሰው ክርክር ነው። ይህ ሁሉ ሊነገር የሚገባው ነው፤ ነገር ግን ከባሕር ማዶ የመጣው እንግዳ በዚያ ዳርቻ ድንጋይ ከመጥረቡም ሆነ ስለ ባሕርየ መለኮት ከመከራከሩ በፊት መብላት ነበረበት፤ ለመብላትም ከማያውቀው ሰው፣ በማያውቀው ልሳን፣ በማያውቀው መስፈሪያ እህልና ዶሮ፣ ማርና ቅቤ፣ ጨውና ዓሣ መሸመት ነበረበት። የነገሥታቱን ዜና መዋዕል የጻፉት ሊቃውንት ዘመቻውንና ሹመቱን በትጋት ሲመዘግቡ የእንግዳውን ጓዳ የሞላውን ሰው አልጠቀሱትም፤ ስለዚህ ይህን ታሪክ ለማግኘት የተጓዦችን ማስታወሻ እያገላበጡ ከዚህም ከዚያም መቃረም ግድ ይላል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ቋንቋ ስለሌለበት ገበያ በአገራችን ምድር የተገኘው እጅግ ጥንታዊ ምስክርነት በ6ኛው መቶ ዘመን በአዱሊስ ወደብ ያለፈው የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ ያቈየልን ነው። ኮስማስ እንደሚለው የአክሱም ንጉሥ በየሁለት ዓመቱ፣ በአገው ገዥ በኩል፣ ወርቅ ወደሚገኝበት ሳሱ ወደሚባለው አገር መልእክተኞቹን ይልካል፤ ከእነርሱም ጋር ከ500 የሚበልጡ ነጋዴዎች በሬ እየነዱ፣ ጨውና ብረት ጭነው ይሄዳሉ። ከስፍራው በደረሱ ጊዜ እሾህ ቈርጠው ሰፊ አጥር ያጥራሉ፣ በውስጡም ይሰፍራሉ፤ በሬዎቹንም አርደው ሥጋውን በብልት በብልት እሾሁ ላይ ያኖሩታል፣ ጨውንና ብረቱንም በአጠገቡ ያስቀምጣሉ። የአገሩ ሰው ቀርቦ ደስ ባሰኘው ብልት፣ ወይም ጨው፣ ወይም ብረት ላይ አንድ ወይም ሁለት እንክብል ወርቅ አኑሮ ገለል ይላል። የሥጋው ባለቤት መጥቶ ያያል፤ ወርቁ ከበቃው አንሥቶ ይሄዳል፣ ያ ሰውም ተመልሶ ሥጋውን ይወስዳል። ካልበቃው ግን ወርቁን ሳይነካ ይተወዋል፤ ባለወርቁም ይህን አይቶ ወይ ይጨምራል፣ ወይ ወርቁን አንሥቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ገበያው አምስት ቀን ያህል ይቈያል። ኮስማስ ንግዱ በዚህ ሥርዓት የሚፈጸምበትን ምክንያት ሲገልጽ የሕዝቡ ልሳን ልዩ ስለሆነና አስተርጓሚም ስለማይገኝ ነው ይላል፤ የዓባይ ምንጮችም በዚያው አገር አካባቢ መሆናቸውን፣ ነጋዴዎቹም ክረምት ገብቶ ወንዞች ሳይሞሉ ለመመለስ እንደሚቻኰሉ ይጨምራል።

የግሪኩ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ከኮስማስ ሺሕ ዓመት ያህል ቀድሞ የቀርታጎ ሰዎች በምዕራብ አፍሪቃ ጠረፍ ይህን በሚመስል ሥርዓት ይገበያዩ እንደነበር ጽፏል። ስለዚህ የዝምታው ንግድ የኛ ብቻ አይደለም። ነገር ግን ከእሾሁ አጥር ታሪክ ውስጥ ለሚቀጥለው ሐተታችን ሁሉ መሠረት የሚሆን አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ከሁለቱ ወገኖች ማናቸውም ሌላውን ሊያስገድደው አለመቻሉ ነው። ሻጩ ወርቁን ሳያነሣ የሚተወው ሥልጣን አለው፤ ገዢውም ወርቁን ይዞ የሚመለሰው ሥልጣን አለው። ይህ ሥልጣን በሁለቱም እጅ እስካለ ድረስ አንዲት ቃል ሳይለዋወጡ ፍትሕ ያለበት ገበያ ሊቆም ችሏል። ሥልጣኑ ከአንዱ እጅ በወጣ ጊዜ ግን አስተርጓሚ ቢሞላም ገበያው ገበያ መሆኑ ይቀራል። የጣና ዳርቻ ታሪክ ይህን በሁለቱም ወገን ያሳየናል።

በ1520 ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል የመጣው የፖርቱጋል መልእክተኛ ዶን ሮድሪጎ ዴ ሊማና አብሮት የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በኢትዮጵያ ስድስት ዓመት ተቀመጡ። አልቫሬዝ በተመለሰ ጊዜ ጽፎ በ1540 በሊዝቦን የታተመው መጽሐፍ ስለ ገበያችን የሚነግረን ብዙ ነው። የታተመ ገንዘብ በአገሩ አለመኖሩን፣ ወርቅ በሚዛን እንደሚሰጥ፣ በመላው አገርም እንደ ገንዘብ የሚያገለግለው ጨው መሆኑን፣ አሞሌ የሚባለው የጨው ጡብም ከሚቈረጥበት ስፍራ በራቀ መጠን ዋጋው እየጨመረ እንደሚሄድ በጥንቃቄ ተመልክቷል። መልእክተኞቹ ራሳቸው ለስንቃቸው መግዣ ይሆናቸው ዘንድ ከሕንድ የያዙት ወርቅ ወይም ብር ሳይሆን በጆንያ የታሰረ ቁንዶ በርበሬ ነበር፤ ያን ጊዜ በአገራችን ቁንዶ በርበሬ የተወደደ ነገር ነበርና፣ አንድ ጭብጥ ይዞ የሚመጣ እንግዳ አማርኛ ባያውቅም የሚፈልገውን ማግኘት አያቅተውም ነበር።

ይሁን እንጂ መልእክተኞቹ አብዛኛውን ሲሳያቸውን ያገኙት በሸመታ አልነበረም። የንጉሥ እንግዳ በሚያልፍበት አገር ሁሉ እንጀራውን፣ ጠላውንና ጠጁን፣ በጉንና ዶሮውን ባላገሩ እንዲያቀርብ የሚታዘዝበት ድርጎ የሚባል ሥርዓት ነበረ። በአንድ በኩል ሲታይ ይህ ከክርስቲያናዊ የእንግዳ አቀባበል የመነጨና ለመንግሥቱ ክብር የሚሰጥ ሥርዓት ነው፤ ቋንቋ ለማያውቅ ሰውም መሪውና ባልደረባው ሁሉን ስለሚያቀርቡለት ከቶ የሚቸግረው ነገር የለም። በሌላው በኩል ግን አልቫሬዝ ራሱ እንደሚተርከው፣ መሪዎቹ ምግብ በቶሎ ያላቀረበውን የመንደር ሰው ያስገርፉት ነበር፤ ፖርቱጋሎቹም ይህን እያዩ ያዝኑ ነበር። ባላገሩ ስለ ዶሮው ዋጋ የሚናገርበት፣ ወይም እንቢ ብሎ ወደ ቤቱ የሚመለስበት መንገድ አልነበረውም። ድርጎን እንደ ልግስና ብቻ የሚያወድሱ ጸሐፊዎች የልግስናው ባለቤት ማን እንደነበረ፣ ከማንስ ጐተራ እንደወጣ ሊጠይቁ ይገባ ነበር እላለሁ።

አሁን ወደ ጎርጎራ እንመለስ። ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝ በ1603 በምጽዋ በኩል አገራችን ሲገባ አርመናዊ መስሎ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ በደቡብ ዐረብ ጠረፍ ተይዞ ሰባት ዓመት ያህል በየመን በእስር ኖሮ ነበርና፣ ያ መከራ የቀይ ባሕር ነጋዴዎች መግባቢያ የሆነውን ዐረብኛ አስተምሮታል። ትግራይ ውስጥ በፍሬሞና ተቀምጦ አማርኛና ግእዝ ተማረ፤ ትምህርተ ሃይማኖትም ወደ አማርኛ አስመለሰ። ዐፄ ሱስንዮስ በነገሡ ጊዜ ለኢየሱሳውያን በጎርጎራ መሬት ሰጡዋቸው፤ ንጉሡም በዚያው ከተሙ፤ ፓኤዝም ሐይቁን ቊልቊል በሚያይ ስፍራ የድንጋይ ቤት ለንጉሡ ሠራላቸው፣ ቤተ ክርስቲያንም አነጸ። በሚያዝያ 1618 ከንጉሡ ጋር ሄዶ የግሽ ዓባይን ምንጭ አየ፤ በግንቦት 1622 በጎርጎራ ዐረፈ። ዛሬ ማርያም ግንብ የሚባለው ፍርስራሽ የዚያ ዘመን መታሰቢያ ነው።

ግንቡን አይቶ የሚደነቅ ሰው አንድ ነገር ልብ ሊል ይገባዋል። ድንጋይ ጠራቢው፣ ኖራ አቡኪው፣ እንጨት ተሸካሚው ሁሉ በየቀኑ በልቶ የሚያድር ነበረ፤ ቤተ መንግሥቱን ተከትሎ የሰፈረው ሠራዊትና ባለሟልም እንዲሁ። ከደንቢያ ሜዳ እህል በአህያ፣ ከሐይቁ ማዶ ደግሞ በደንገል ታንኳ እየተጫነ ካልመጣ በቀር ይህን ሁሉ አፍ የሚያጠግብ አይኖርም። የደንቢያ ለም መሬት፣ የሐይቁ አምባዛና ቆረሶ፣ የዳርቻው ማርና ቅቤ ለጎርጎራ ከተማነት ከንጉሡ ፈቃድ የማይተናነስ ምክንያት ነበሩ ብል ከእውነት የራቅሁ አይመስለኝም።

የባዕዱን ሸመታ የሚያከብደው ዋጋና መስፈሪያ ብቻ አልነበረም። በአገራችን ምግብ የሃይማኖት ነገር ነው። ከሩቅ የመጣው ሰው ገንዘቡን ይዞ ገበያ ወጥቶ ሥጋ ወይም ቅቤ ቢያጣ፣ ሻጮቹ ስለጠሉት ሳይሆን ረቡዕ ወይም ዓርብ ስለሆነ፣ ወይም ዐቢይ ጾም ገብቶ 55 ቀን ሙሉ ቄራው ስለተዘጋ ሊሆን ይችላል። ክርስቲያን እስላም ያረደውን አይበላም፤ እስላምም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም፤ ስለዚህ ሥጋ ሻጩና ሥጋ ገዢው ከዋጋ አስቀድመው የሚጠያየቁት እምነትን ነው። ይህም ጥያቄ ያለ ቃል ይመለስ ነበር፤ በአንገት የታሰረ ማተብ፣ በፊት ላይ የሚደረግ ትእምርተ መስቀል፣ በራስ የተጠመጠመ ጥምጥም ሁሉ ለሚያስተውል ሰው የሚናገሩ ነበሩና። ፓኤዝ ይህን ተረድቶ ከሰው ጋር ኖረ። ከእርሱ በኋላ በ1625 የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴስ ግን የሕዝቡ ጾምና በዓል፣ ጥምቀቱና ክህነቱ ሳይቀር በሮማ ሥርዓት እንዲለወጥ አዘዘ። የጾሙን ቀን መለወጥ ማለት የያንዳንዱን ቤት ማጀትና የያንዳንዱን መንደር ገበያ መንካት ማለት ነበር። የተከተለው የእርስ በርስ ጦርነት የታወቀ ነው፤ በ1632 ሱስንዮስ የአባቶችን ሃይማኖት መልሰው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ፣ ከዚያም በኋላ ኢየሱሳውያን ከአገር ተባረሩ።

በዚያው ውሽንፍር ከአገራቸው ከወጡት አንዱ የአምሐራው ተወላጅ አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። በሮማ በነበረው የኢትዮጵያውያን ገዳም፣ በቅዱስ እስጢፋኖስ ተቀምጠው ሳሉ በ1649 ከጀርመናዊው ሊቅ ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ተዋወቁ፤ በ1652ም የአልፕስን ተራሮች ተሻግረው የመስፍኑ የኤርንስት እንግዳ ሆነው ወደ ጎታ ሄዱ። ሉዶልፍ ግእዝን ከመጽሐፍ እንጂ ከሰው አፍ አልሰማም ነበር፤ ለአባ ጎርጎርዮስም ግእዝ የማኅሌትና የንባብ ቋንቋ እንጂ የዕለት ተዕለት መነጋገሪያ አልነበረም፤ ሆኖም መጀመሪያ ላይ የተግባቡት በእርሱ ነው። መስፍኑ በቤተ መንግሥቱ ስላስተናገዷቸው አባ ጎርጎርዮስ በጀርመን ገበያ ዳቦ ፍለጋ መንከራተት አላስፈለጋቸውም፤ አልቫሬዝ በኢትዮጵያ ያገኘውን የንጉሥ ማዕድ እርሳቸው በጎታ አገኙት ማለት ይቻላል።

ፋሲልና ተከታዮቻቸው ለአውሮፓውያን በሩን ዘግተው በቆዩበት ዘመን ጎንደር ታላቅ የንግድ ከተማ ሆነች። በ1699 ዐፄ ኢያሱን ለማከም ከካይሮ በስናር በኩል የመጣውን ፈረንሳዊ ሐኪም ፖንሴን ሐጂ ዓሊ የተባለ መንገዱን የሚያውቅ ነጋዴ ይመራው ነበር። ይህ ሐኪም ያየውን የጎንደር ገበያ ሲገልጽ ሸቀጡ ሁሉ በሰፊ ሜዳ ላይ፣ በምንጣፍ ተዘርግቶ፣ ከጠዋት እስከ ማታ እንደሚሸጥና እያንዳንዱ የሸቀጥ ዓይነት የተለየ ስፍራ እንደነበረው ይናገራል። ይህ ሥርዓት ዛሬም በአገራችን ገበያ ሁሉ ያለ ነው፤ የእህል ተራ፣ የማርና የቅቤ ተራ፣ የዶሮ ተራ፣ የጨው ተራ እየተባለ ይከፈላል። ቋንቋ ለማያውቅ እንግዳ ከዚህ የበለጠ ርዳታ የለም፤ የሚፈልገውን በስም መጥራት ሳያስፈልገው ሄዶ ከፊቱ ይቆማልና። ዕቃው ተገልጦ በዓይን ይታያል፣ በእጅ ይዳሰሳል፣ ጤፉ ከመዳፍ ተዘግኖ ይነፋል፣ ቅቤው በጣት ተነክቶ ይቀመሳል፤ ቁናውም በሁሉ ፊት ተሰፍሮ ከሞላ በኋላ ሻጯ በእጇ ዘግና ምራቂ ትጨምርበታለች።

ዋጋውን የሚናገረው ግን ለብዙ ዘመን ጨው ነበር። ከአፋር በረሃ አርሆ በሚባሉ የጨው ነጋዴዎች እየተቈረጠ፣ በትግራይ በኩል በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ጎንደር የሚደርሰው አሞሌ ባዕዱም ባላገሩም እኩል የሚያውቁት ገንዘብ ነው። ማንም ማንንም ስለ ዋጋው እምብዛም አያታልልም፤ አሞሌው ሙሉ እንደሆነ ሙሉ፣ ጥጉ ተሸርፎ እንደሆነ ጐደሎ መሆኑን ዓይን ይፈርዳል፤ እንዳይሸረፍም በልጥ ይጠፈራል። ክረምት ሲገባና መንገድ ሲዘጋ ይወደዳል፣ በበጋ ሲራገፍ ይረክሳል። ገንዘብነቱም በቀረ ጊዜ ከወጥ ውስጥ ይገባልና ባለቤቱ ባዶ እጁን አይቀርም። በዚህ ምክንያት ከአሞሌ የበለጠ ሐቀኛ ገንዘብ በታሪካችን አልታየም ለማለት እደፍራለሁ።

ከ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የኦስትርያይቱ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበት ጠገራ ብር ከቀይ ባሕር ወደ ደጋው ይወጣ ጀመር። ንግሥቲቱ በ1780 ሞተዋል፤ ከዚያ በኋላም ብሩ በየትኛውም ዓመት ቢመታ የሚጻፍበት ያው 1780 ነው። የጎጃምና የደንቢያ ገበሬ በላቲን ፊደል የተጻፈውን ማንበብ አይችልም ነበር፤ የብሩን እውነተኛነት መመርመር ግን ከማንም ባንክ ይልቅ ያውቅበት ነበር። በንግሥቲቱ ዘውድ ላይ ያሉትን ዕንቊዎች፣ በትከሻዋ ያለውን ጌጥ ነጠብጣብ ይቈጥራል፤ ነጠብጣቡ ጠፍቶ ወይም ፈዝዞ ያገኘውን ብር፣ ከብዶ ቢመዝንም እንኳ፣ ባለቤቱ ጌታም ይሁን ፈረንጅ ይመልስለታል። በ1867 ወደ መቅደላ ለመዝመት የተነሣው የእንግሊዝ ሠራዊት በመንገዱ ላይ እህልና ሣር የሚገዛበት ይህን ብር ከቪየና እስከ ማስመታት የደረሰው፣ የባላገሩ ምርመራ ሌላ ገንዘብ አልቀበልም ስላለ ነው። በዓለም ታላቅ የነበረው መንግሥት የወሎንና የትግራይን ገበያ ፈቃድ መፈጸም ግድ ሆነበት። ይህ ነገር በታሪክ ትምህርታችን ከዘመቻው ጋር አብሮ ቢነገር መልካም ነው።

ጠገራው አንድ ጉድለት ነበረው፤ ለሸመታ እጅግ ትልቅ ነው። በአንድ ብር ፍየል ይገዛ እንደሆነ እንጂ ሁለት እንቊላል አይገዛም። ስለዚህ እንግዳው በአሞሌ ይመነዝረዋል፤ ወይም ደግሞ መርፌ፣ ክር፣ ዶቃና ቁንዶ በርበሬ ይዞ ይዞራል። በዚህ ጊዜ ደላላው ይመጣል። ደላላ በእኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ በክፉ ይነሣል፤ ነገር ግን ባዕዱን ከገበያው ጋር ያስታረቀው፣ የሁለቱን እጅ አያይዞ ዋጋ ያስማማ፣ ክርክርም ቢነሣ በነጋዴዎቹ አለቃ በነጋድራሱ ፊት ምስክር ሆኖ የሚቆም እርሱ ነበር። ከጎንደርና ከዳርቻው እስላም ነጋዴዎች መካከል ዐረብኛ፣ አማርኛና ኦሮምኛ አንድ ላይ የሚያውቁ ብዙዎች ነበሩና፣ አውሮፓውያን ተጓዦች በመጽሐፋቸው በራሳቸው ብልሃት እንዳገኙት አድርገው የሚተርኩት ስንቅ በእነዚህ ሰዎች አፍ የተገኘ ነው።

የሐይቁ ሕዝብ የራሱ ልማድ ነበረው። ነገደ ወይጦ ጉማሬ እያደኑ፣ ዓሣ እያጠመዱ፣ ደንገል እያሰሩ የሚኖሩ ሲሆኑ ታንኳና የወፍጮ ድንጋይ ለአማራው ገበሬ አቅርበው እህል ይወስዱ ነበር። ጥንት የራሳቸው ልሳን እንደነበራቸው ይነገራል፤ ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው። ወይጦዎቹ ጉማሬ ስለሚበሉ ጎረቤቶቻቸው እንደ ርኩስ ቈጥረው ማዕድ አልተጋሩዋቸውም፤ የጠረቡት ወፍጮ ግን የዚያኑ ጎረቤት እህል ይፈጭ ነበር። አንድ ልሳን እየተናገሩ በአንድ ማዕድ ካለመቀመጥ ይልቅ ልሳን ሳይኖር በእሾህ አጥር መገበያየት ይሻል ነበር ያሰኛል።

በሚያዝያ 1936 የኢጣልያ ጦር በጎንደር በኩል ጣና ዳርቻ ደረሰ፤ ጎርጎራንም የሐይቁ ወደብ አደረጋት፤ ሐውልትም አቆመባት። ወራሪው አስተርጓሚ አልጐደለውም፤ ከኤርትራ የመጡ፣ ጣልያንኛና አማርኛ አጣርተው የሚናገሩ ሰዎች በብዛት ነበሩት። ሆኖም ሸመታው አልሠመረለትም። መንግሥቱ በወረቀት ሊሬ ግዙ ሽጡ ብሎ ዐወጀ፤ ባላገሩም ወረቀቱን ተቀብሎ ምን ያደርገዋል? ወይ ዋጋውን ሰቀለ፣ ወይ እህሉን ጐድጓድ ውስጥ ቀበረ፣ ወይም ለአርበኛው ሰደደ። ኢጣልያ ራሷ ይህን አስቀድማ ዐውቃ የማሪያ ቴሬዛን መቅረጫ ከኦስትርያ በ1935 ወስዳ በሮማ ጠገራ ስትመታ ነበር፤ የጠገራውንም ዋጋ በሊሬ ደጋግማ ከፍ ለማድረግ ተገደደች። ከጥንት ጀምሮ ራሱን የሚመግብ አገር በእነዚያ አምስት የወረራ ዓመታት ለወራሪው ጦር ስንዴ ከውጭ በመርከብ ሲመጣለት ታየ። የእሾሁ አጥር ሥልጣን፣ ያልበቃን ወርቅ ሳይነኩ የመተው ሥልጣን፣ በደንቢያና በጎጃም ገበሬ እጅ ተመልሶ ነበርና።

ጎንደር በኅዳር 1941 ነጻ ስትወጣ የሊሬው ወረቀት በየቤቱ ዋጋ አጥቶ ቀረ፤ ጠገራው ግን እንደ ቀድሞው ይሠራ ነበር። የኢትዮጵያ መንግሥት በሐምሌ 1945 አዲሱን ብር ሲያወጣ ከወረቀቱ ጋር በአሜሪካ የተመታ የ50 ሳንቲም ገንዘብ አብሮ አወጣ። ሌሎቹ ሳንቲሞች ከመዳብ ሲሠሩ ይህ አንዱ ብቻ ከብር ማዕድን እንዲሠራ ተደረገ፤ ወረቀትን የማያምነው ባላገር በእጁ መዝኖ፣ በጥርሱ ነክሶ፣ በድንጋይ ላይ አስጩኾ እንዲቀበለው።